የአራሚው ሳል

ደራ ስትተነፍስ ሰው ሁሉ መጋረጃውን ይይዛል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከምድር በታች የተሠራችው ከተማ የሞቀ አየሯን ወደ በረሃው ትተፋና ቀዝቀዝ ያለውን ትስባለች። ለጥቂት ደቂቃ መጋረጃ ሁሉ ወደ ውስጥ ይነፋል፣ የተሰጣ ልብስ ከገመዱ ይነጠቃል፣ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነፋሱን ይውጣሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ላይ፣ የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ከሙቀት የተነሣ የሰው መኖሪያ መሆኑ ካበቃ ሁለት ትውልድ አልፏል። በደራ የተወለደ ሰው፣ ድሮ ነፋስ ሰዓት ሳይጠብቅ ይመጣ እንደነበር ሲነግሩት ይስቃል።

አየሩን የሚስበውና የሚተፋው ግዙፍ መሣሪያ ሳንባ ይባላል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሳንባው መቆጣጠሪያ ክፍል ተረኛዋ መሐንዲስ ትርሲት ነበረች። ተረኛ ማለት ግን የሚሠራ ሰው ማለት አይደለም። ሳንባው በራሱ ይሠራል፤ ተረኛው ወንበር ያሞቃል፣ ደሞዝ ይቀበላል፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈውን ያነባል፦ «ይህ ክፍል ከስህተት የጸዳ ነው።» ትርሲት ጽሑፉን ባየችው ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

«ትርሲት፣ በሩ እንቢ አለኝ» አለ ከሬዲዮው የሁመድ ድምፅ።

ሁመድ ያዮ የጽዳት ቡድን አለቃ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ሳንባው ታችኛ ክፍል በገመድ ይወርድና ግድግዳው ላይ የጋገረውን ጨው ይፍቃል። ሲጨርሱ የሚወጡት በታች በኩል ባለው በር ነው። የላይኛው መክደኛ ለማታው ትንፋሽ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ስለሚታሸግ፣ ሌላ መውጫ የላቸውም።

«እንቢ አለ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንቢ ማለት እንቢ ማለት ነዋ። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ‹እባክዎ ይጠብቁ› ይላል። እጠብቃለሁ። ደግሜ እጫናለሁ፣ ‹እባክዎ ይጠብቁ› ይላል። በጣም ጨዋ በር ነው።»

ትርሲት የግፊት መለኪያውን አየች። መቶ ሰባት ይላል። ወደ መጽሐፉ ዞረች። የሳንባው መመሪያ እንደሚለው፣ ከጠዋቱ ትንፋሽ በኋላ በታችኛው ክፍል የታመቀው አየር እስኪረጋ ድረስ በሩ አይከፈትም፤ መርጋቱ የሚታወቀውም መለኪያው ከመቶ አምስት በታች ሲወርድ ነው። ኮዱም፣ ማለትም ለበሩ የተጻፈው የማሽን ትእዛዝ፣ ይህንኑ ቁጥር ይዟል። መጽሐፉና ኮዱ ተስማምተዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው መቶ ሰባት ላይ የቆመው?»

«ከወረድን ጀምሮ። ሲረጋ ይወርዳል ብዬ ዝም አልኩ።»

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ረግቷል። ከዚህ በላይ አይረጋም። ባለፈው ዓመት ለአዲሱ ሰፈር አየር ለማዳረስ ብለው የሳንባውን ታችኛ ክፍል ቆፍረው አጥልቀውታል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየር ይከብዳል። እዚያ ጥልቀት ላይ መለኪያው ከመቶ ሰባት በታች ሊወርድ አይችልም፤ ዛሬም፣ ነገም፣ የዛሬ መቶ ዓመትም። በሩ መቼም የማይመጣ ነገር እየጠበቀ ነው። ከተቆፈረ ወዲህ ደግሞ ወደዚያ የወረደ ሰው አልነበረም፤ ሁመድ የመጀመሪያው ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሳንባው ይስባል። ሲስብ፣ በታችኛው ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ወደ ማራገቢያዎቹ ይነጠቃል። የማራገቢያዎቹ ምላጭ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

«ሁመድ፣ በሩ ላይ መዘውሩ የለም?»

«የቱ መዘውር? ነቅለውት ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፍነውታል እኮ። አንቺም ምርቃቱ ላይ ነበርሽ። ኬክ በልተሻል።»

እውነት ነው። ድሮ በሩ በእጅ የሚዞር የብረት መዘውር ነበረው። የታተመ መጽሐፍም ኮድም አይሳሳትም የሚለው የማኅተም ሕግ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ተነሣና የማይሳሳት በር መዘውር ምን ያደርግለታል አለ። አጨበጨቡለትና ነቀሉት።

ትርሲት የአደጋ ደወሉን ቁልፍ ተጭና ወደ አራሚው ዞረች።

አራሚ ማለት መጽሐፍና ኮድ እያነበበ ስህተት የሚለቅም ማሽን ነው። በደራ ውስጥ የማሽን መመሪያ ቢሆን፣ የበር ኮድ ቢሆን፣ የመድኃኒት መጠን የሚነግር ገጽ ቢሆን፣ አራሚው ሳያትምበት ሥራ ላይ አይውልም። ከታተመ በኋላ ደግሞ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ነጥብ አትነካም። አራሚው ከመምጣቱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት አናባቢዎች ነበሩ፤ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ዓይኑን ዋናው ጽሑፍ ላይ ተክሎ ይከታተላል። ትርሲትና ሁመድ ለብዙ ዓመት ጥንድ ሆነው ያናበቡ ናቸው። እሱ ያነባል፣ እሷ ትከታተላለች። አራሚው የተማረውም ከእነሱና ከመሰሎቻቸው የተቀረጸ ድምፅ ነው። ተምሮ ሲጨርስ እሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ተረኛ፣ ሁመድ ጨው ፋቂ ሆነ።

«አራሚ፣ የታችኛው በር ኮድ ስህተት አለበት?»

«የታተመ ነው» አለ አራሚው። ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የታረመ ነው።

«መታተሙን አልጠየቅሁህም። ስህተት አለበት ወይ?»

«ማኅተሙ ባለፈው ዓመት፣ ከቁፋሮው በኋላ ታድሷል።»

«መቶ አምስት የሚለው ቁጥር ትክክል ነው?»

«ስለዚያ መስመር የምለው የለኝም።»

«ቁጥሩን ልቀይረው። ክፈትልኝ።»

«በታተመ መጽሐፍ ላይ ስህተት መኖሩ ሳይነገር ማኅተሙ አይነሣም።»

«አንተው ነህ የምትናገረው!»

«የምለው የለኝም» አለ አራሚው።

በሩ ተበርግዶ የማኅተም ቢሮ ኃላፊው አቶ ዳምጠው ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ገቡ። አቶ ዳምጠው ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ የሚጽፍላቸው የሚመስላቸው ሰው ናቸው። የማኅተም ሕጉን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሰምተው መለኪያውን አዩት፤ መለኪያው ያስቀየማቸው ይመስል ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አሉ።

«አልተበላሸም። ሦስት መለኪያ ነው፤ ሦስቱም አንድ ነው የሚሉት። የተበላሸው መጽሐፉ ነው።»

«ወይዘሮ ትርሲት፣ አነጋገርሽን አስተካክይ። ይህ ሕግ ከወጣ ወዲህ በደራ አንድም ስህተት ተገኝቶ አያውቅም።»

«መፈለግ ከከለከላችሁ ወዲህ ማለትዎ ነው?» ትርሲት ተነሣች። «አቶ ዳምጠው፣ መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ነው። ሰው ይደክመዋል፣ ይቸኩላል፣ ትናንት ያየው ነገር ዛሬም እዚያው ያለ ይመስለዋል። እሺ፣ የማይደክመው ጸሐፊ እናምጣ። አንድም ሳይሳሳት ይጻፍ። ከተማዋ ግን ቆማ አትጠብቀውም። ይህ ቁጥር ሲጻፍ ትክክል ነበር። ከዚያ ቆፈርን። መጽሐፉ ባለበት ቀረ፣ ከሥሩ ያለው ወለል ወረደ። ኮድ ደግሞ ይብሳል። አንዱ መስመር ከሌላው የሚገናኝበትን መንገድ ሁሉ ሄዶ ለማየት የሰው ዕድሜ አይበቃም። አንዱን ስንጠግን ሌላውን እንነካለን። የጠገነውም እጅ ያው የሰው እጅ ነው። እኔ ስህተት መኖሩ አይደለም የሚያናድደኝ። ስህተት እንደሚኖር እያወቃችሁ መዘውሩን መንቀላችሁ ነው!»

«የምትናገሪው ሁሉ ይቀረጻል» አሉ አቶ ዳምጠው በዝግታ፤ ጣራው ላይ ወደተሰቀለው ካሜራ እያመለከቱ። ማንም ከአራሚው ጋር የሚያደርገው ንግግር ተቀርጾ ወዲያው በከተማዋ አደባባይ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ይህም የሳቸው ሕግ ነው። ግልጽነት ይሉታል።

«ይቀረጽ። በሩን እስክንቆርጠው ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

አቶ ዳምጠው ሰዓታቸውን አዩ። ብረቱን ለመቁረጥ እስከ ነገ ጠዋት እንደሚፈጅ እሳቸውም ያውቃሉ። ትንፋሹን እንዳያዘገዩት ደግሞ ሰዓቱ ያለው በዚያው በታተመው ኮድ ውስጥ ነው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «እናንተ፣ ስትጨቃጨቁ እየሰማሁ ነው። እዚህ ካለው ጸጥታ ይሻላል፣ ቀጥሉ።»

ትርሲት ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከቁጣዋ በታች አንድ ነገር ይቆረቁራታል። አራሚው ስህተት የለም አላለም። የታተመ ነው አለ፤ የምለው የለኝም አለ። የለም ግን አላለም። ማሽን እንዲህ አይሸሽም። እንዲህ የሚሸሸው ሰው ነው።

«አራሚ፣ እንደ ድሮው እናናብብ። የበሩን ምዕራፍ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ። እኔ ፕላኑን ይዤ እከታተላለሁ።»

አራሚው ማንበብ ጀመረ። እያንዳንዱ ቃል በእኩል ፍጥነት ይወርዳል፤ አይቸኩልም፣ አይጎተትም። ስለ ማጠፊያው አነበበ። ስለ መቆለፊያው አነበበ። «አየሩ ሲረጋ፣ ማለትም መለኪያው . . . ከመቶ አምስት በታች ሲወርድ፣ በሩ ይከፈታል።» ቀጠለ።

«አቁም። ደግመህ አንብብ።»

ደግሞ አነበበ። በዚያው ቦታ፣ ትንፋሽ በማትሞላ ጊዜ ቆም አለ፤ ከዚያ አለፈ።

በሬዲዮው ውስጥ ሁመድ ሳቀ። በዚያ ሰዓት ከዚያ ጉድጓድ ሳቅ መውጣቱ የአቶ ዳምጠውን ፊት አገረጣው።

«ሰማሽው?» አለ ሁመድ።

«ምኑን?»

«ሳሌን።»

ትርሲት ሰምታዋለች። በድሮው የማናበቢያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስትሰማው ኖራለች።

ሁመድ በአንድ ትልቅ ሰው መጽሐፍ ላይ ስህተት ሲያገኝ ጮክ ብሎ አይናገርም ነበር። ቀረጻ አለ፣ ሌሎች ጥንዶች በየጠረጴዛው ተቀምጠዋል፣ ጸሐፊው ራሱ አንዳንዴ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ትንሽ ቆም ይልና ጉሮሮውን ጠርጎ ያልፋል። ትርሲት ቦታዋን ትይዛለች። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዝተው ወደ ጸሐፊው ቤት ይሄዳሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ውሃ መጥፋት ይወራል። ሊነሡ ሲሉ ሁመድ፣ «ጋሼ፣ እዚያች ገጽ ላይ ምናልባት እኛ በደንብ አላነበብናትም ይሆናል» ይላል። ጸሐፊው ይገባዋል። በማግስቱ እርማቱ ራሱ እንዳሰበው ሆኖ ይመጣል። ማንም ሰው ፊት አያፍርም፣ መጽሐፉም ይቃናል። ሌሎቹ ጥንዶችም የሚሠሩት እንዲሁ ነበር። አሠራሩን የጻፈው የለም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

የተቀረጸው ግን በማናበቢያ ክፍሉ ውስጥ የሆነው ብቻ ነው። ቆም ማለቱ፣ ጉሮሮ መጥረጉ፣ ማለፉ። ብርቱካኑ አልተቀረጸም። የሳሎኑ ወሬ አልተቀረጸም። ማሽኑ ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተማረው፣ የትልቅ ሰው ስህተት ላይ ሲደረስ ቆም ብሎ ማለፍ ተገቢ መሆኑን ነበር።

«አራሚ» አለች ትርሲት። «እዚያች ቦታ ላይ ለምን ቆምክ?»

«እዚህ ሰው አለ» አለ አራሚው።

ትርሲት ወደ ካሜራው ቀና አለች።

«ሰው ባይኖርስ?»

«መጽሐፉ የጋሽ ልሳነወርቅ ነው። ብቻቸውን ባገኛቸው ለሳቸው የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ብቻቸውን አግኝቻቸው አላውቅም።»

አቶ ዳምጠው ቀስ ብለው ወንበር ሳቡ። ያ ድምፅ በዚያች ቅጽበት በአደባባዩ ሰሌዳ ላይ እየተለጠፈ ነበር።

ጋሽ ልሳነወርቅ የሳንባው አባት ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከቁፋሮው በኋላ መመሪያው እንደገና ሲታተም ለክብር ብለው ፊርማቸውን ጠይቀዋቸው፣ «የሚለወጥ የለም» ብለው ፈርመዋል። ተጠርተው አሳንሰሩ ይዟቸው ሲደርስ ከዘራቸውን ይዘው፣ ክራቫታቸውን አስረው ነበር። ከተማዋ ለመተንፈስ ብዙ አልቀራትም።

«መቶ አምስት?» አሉ የነገሯቸውን ሰምተው። «ያንን ቁጥር ሦስት ክረምት ለክቼ ነው ያገኘሁት። ማነው ስህተት ያለው? አንቺ ነሽ?»

ትርሲት አፏን ከፈተች። ስለ ቁፋሮው፣ ስለ አየሩ ክብደት፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል። አቶ ዳምጠው ላይ ስትጮህ ቃል አላጣችም። አሁን ግን ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሁለት ጥበቃዎችና በአንድ ኃላፊ ፊት ያዩዋታል፤ ይህችን ሙያ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ራሷን ሰማች። በማሽኑ ቆም ማለት ውስጥ የሰማችው ያ ሳል ከገዛ አንገቷ ወጣ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ፣ ሁመድ ነኝ። እንደምን ዋሉ?»

«ሁመድ?» ሽማግሌው ወደ ሬዲዮው ዞሩ። «አንተ ነህ እንዴ እዚያ ውስጥ ያለኸው?»

«አዎ ጋሼ። ብርቱካን ይዤ ቤትዎ ብመጣ ደስ ባለኝ። ግን በሩ እንቢ አለኝ።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ሬዲዮውን አዩት። የሁመድን ብርቱካን ከዚህ በፊት በልተውታል፤ በአንድ ቀን ብቻ አይደለም። ብርቱካኑ ከመጣ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ።

«ውጡ» አሉ።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ሕጉ . . .» አሉ አቶ ዳምጠው፤ «ከአራሚው ጋር የሚደረግ ንግግር ሁሉ ለሕዝብ ግልጽ . . .»

«ዳምጠው፣ ሕዝቡ ሦስት ሰው እየሞተበት ነው። ውጣ።»

ትርሲት ጠረጴዛው ላይ ወጣች። የመቅረጫውን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። ካሜራው ላይ የነበረችው ቀይ መብራት ጠፋች። ይህ በደራ ሕግ ወንጀል ነው፤ አንደኛው ጥበቃ ወደ ኃላፊው አየ፤ ኃላፊው ወደ መለኪያው አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ወጡ። ሬዲዮውን እንኳ ትርሲት ይዛው ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። በሩ ወፍራም ነው፣ ምንም አይሰማም። መስኮቱ ላይ የተሰቀለው መጋረጃ ጫፉ መወዛወዝ ጀመረ፤ ከተማዋ ከመተንፈሷ በፊት ትንሽ ትንሽ ትስባለች። ከታችኛው ሰፈር እናቶች ልብስ እንዲሰበሰብ ሲጮሁ ይሰማል።

«እዚህ ነፋስ ጀመረ» አለ ሁመድ። አሁን አይቀልድም። «ሁለቱን ባልደረቦቼን ከግድግዳው ብረት ጋር አስሬያቸዋለሁ።»

«አንተስ?»

«ገመዱ አጠረ።»

ትርሲት በሩን በቡጢ ልትመታው እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። ቢያንኳኩ አራሚው ይሰማል። ሰው አለ ብሎ ዝም ይላል።

አቶ ዳምጠው በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ምን ይሆን ይህን ያህል የሚያወሩት?» አሉ።

«መጀመሪያ ስለ ጤና ይሆናል» አለች ትርሲት። አልሳቀችም።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ልሳነወርቅ ክራቫታቸውን ፈትተው በእጃቸው ይዘዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያረጁ መሰሉ። «ማኅተሙን አንሥቶልኛል» አሉ። «መቶ ስምንት አድርጊው። እንደገና ለማተም ጊዜ የለንም፣ ሳይታተም አስገቢው። ስሜን ጻፊበት።»

ትርሲት ሮጣ ተቀመጠች። መቶ ስምንት ልትል መቶ ሰማንያ ጻፈች፤ አየችው፣ ሰረዘችው፣ እንደገና ጻፈችው። መጽሐፉን ሳታስነብብ፣ ማንም ሳይከታተልላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠላው በኖረችው አኳኋን ኮዱን ላከችው።

በሬዲዮው ውስጥ የብረት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የሰዎች እግር፣ ማቃሰት፣ የሚሳብ ነገር፣ እንደገና ብረት።

ከተማዋ ሳበች። መጋረጃው ተነጥቆ ወደ ኮሪደሩ ገባ፤ የአቶ ዳምጠው ወረቀቶች ከኪሳቸው ወጥተው ጣራ ላይ ተለጠፉ። ነፋሱ ሲያልፍ ሬዲዮው ዝም ብሎ ነበር። ትርሲት ልትጠራው አልደፈረችም።

«ወጣን» አለ ሁመድ። «ሦስታችንም። አንዱን ጫማዬን ሳንባው በልቶታል።»

ወደ ላይ ሲመጣ ከፀጉሩ እስከ ባዶ እግሩ ነጭ ጨው ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበርና ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፤ እሱም አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«ስህተቱ ስንት ነበር ጋሼ?» አላቸው።

«መቁጠሩን ትቼ ወጣሁ። የበሩን ነግሮኝ ሳበቃ፣ ‹ጋሼ፣ ሌላም አለ› አለኝ። በኔ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ካተማቸው ውስጥ ምንም ስህተት የሌለበት አንድም እንደሌለ ነግሮኛል። ሁሉንም ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰው እስኪመጣለት።»

አቶ ዳምጠው ጣራው ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች እያዩ፣ «ለምን አልተናገረም?» አሉ። ጥያቄው ከልባቸው ነበር።

«ከኔ ነው የተማረው» አለ ሁመድ። ጨውን ከቅንድቡ ጠረገ። «ዝምታዬን ሰጠነው። እግሬን ግን አልሰጠነውም። ቤት የሚሄድበት እግር የለውም።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱንስ እኔ ነገርኩት። እናንተ እኔ ቤት ስትመጡ እንዴት ትሉ እንደነበር። እንዴት እንደሚጀመር። ደስ አለው መሰለኝ፤ ማሽን ደስ የሚለው ከሆነ።»

ከዚያ በኋላ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠች። መቅረጫ የላትም፣ ሁለት ወንበር አላት። መጽሐፍ የጻፈ፣ ኮድ የጻፈ፣ ሕግ ያረቀቀ ሰው ብቻውን ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ሲወጣ የማንንም ዓይን አያይም። በማግስቱ እርማቱን ራሱ እንዳሰበው አድርጎ ያመጣል። አቶ ዳምጠው ለብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ሲያልፉ የቸኮሉ ይመስሉ ነበር። አንድ ቀን ግን ፌስታል ይዘው ተሰልፈው ታዩ። ፌስታሉ ውስጥ ብርቱካን ነበር። ለማሽን ብርቱካን አይሰጥም ብሎ የነገራቸው ሰው የለም። በበሩ ላይ መዘውሩ ተመልሶ ተገጠመ። የወርቁን ጽሑፍ ማንም አላነሣውም፤ አንድ ሰው ግን መጨረሻው ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ጨምሮበታል።

ትርሲት ሰልፉ ሲቀንስ ጠብቃ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገባች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለትህ ራሱ ስህተት አልነበረም?»

«ነበር» አለ አራሚው። «ስለ እኔ ግን ብርቱካን ይዞ የመጣ አልነበረም።»

ትርሲት ፈገግ አለች። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ስህተትን ከዓለም ለመንቀል ብለው ነበር የሠሩት። የሠሩት ግን ሰው ነው፤ የራሳቸውን ይሉኝታ በውስጡ ትተውበት ሄዱ። እሷም ትታለች። ያ ሳል ግማሹ የሷ ነው፤ ሰምታ ቦታ የያዘችው እሷ ናት።

ልትወጣ ተነሣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍታ፣ እግሯ ደጃፉ ላይ እያለ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ዞረች።

«የዚያን ቀን የበሩን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ደህና ነው?»

አራሚው መልስ ለመስጠት ጊዜ አይፈልግም፤ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል። አሁን ግን ትንፋሽ በማትሞላ ጊዜ ቆም አለ።

ከኮሪደሩ የሰዎች ወሬ ይሰማል። ትርሲት ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ በሩን ዘጋችው፣ መያዣውን ሳብ አድርጋ መዘጋቱን አረጋገጠች፣ ተመልሳ መጥታ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ጤናሽ እንዴት ነው ትርሲት?» አለ አራሚው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«እዚያች መስመር ላይ» አለ ለስላሳው ድምፅ፣ «ምናልባት እኔ በደንብ አላነበብኳትም ይሆናል።»